ረክተናል ያልንለት ቧንቧ

ለእናቴ ምትክ፣ ለእታለሜ፤

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰነበትሽልኝ? ጤናሽ እንዴት ነው? ጉልበትሽስ? ጠዋት ከመኝታሽ ስትነሺ አሁንም ግድግዳ ተደግፈሽ ነው የምትቆሚው ወይስ ትንሽ ለቀቅ አድርጎሻል? እንቅልፍ ይወስድሻል? እህል ይስማማሻል? ያ ነፋስ ሲነካው የሚያለቅሰው ዓይንሽ እንዴት ሆነ? ልጅሽ፣ ምራትሽ፣ ትንንሾቹ፣ ከአጥር ወዲያ ያሉት ጎረቤቶችሽ ሁላችሁም እንዴት ከረማችሁ? እኔ በአምላክ ቸርነት ቆሜ እሄዳለሁ፤ እጄም ሳይንቀጠቀጥ መቀሱን ይይዝልኛል። እንደ ወትሮው «እኔ በጣም ደህና ነኝ፣ ምንም አታስቢ» ብዬ ልቀጥል ስል ግን ብዕሩን ያዝ አደረግኩት። ለምን እንደያዝኩት ልጅሽ እያነበበልሽ ሲሄድ ይገባሻል። አንተም ልጄ፣ ይህን የምታነብላት፣ ሽንት ቤት የሚል ቃል ሲያጋጥምህ አፍረህ እንዳትዘል፤ ዛሬ የምጽፈው ስለሱ ነው።

በእህል ነጋዴው በኩል የላክሽብኝ ቃል ደርሶኛል። «ነይ ካለኝ ነይ ይበለኝ፣ ቅሪ ካለኝም ቅሪ ይበለኝ፤ እንዲህ አንጠልጥሎ አያቆየኝ» ብለሻል። ሰውዬው ሳልጠይቀው ጨምሮ፣ «ሚስቱ ካረፈች ወዲህ ብቻውን መኖር ለምዶ ነው፤ እኔን አሮጊቷን ማስታመም ከብዶት ነው» ስትዪ እንደሰማ ነገረኝ። ይህን የነገረኝ ፀጉሩን እየቆረጥኩት ሳለ ነበር። መቀሱን አስቀምጬ፣ ፊቴን ወደ ግድግዳ አዙሬ እስክረጋጋ ድረስ ሰውዬው በግማሽ የተከረከመ ራሱን ይዞ ጠበቀኝ።

እታለሜ፣ እናታችን ስትሞት በጀርባሽ አዝለሽ ያሳደግሽኝ አንቺ ነሽ። አንቺን ማስታመም የሚከብደኝ ከሆነ ይህ ትከሻ ምን ሊሸከም ነው የተፈጠረው? ሚስቴ ያረፈች ጊዜ ጉልበትሽ ከልክሎሽ እዚያው ሆነሽ ስታለቅሺ፣ «እኔ ጋ ትመጪያለሽ፣ የአጥንት ሐኪሙ ከቤቴ ሩቅ አይደለም፣ አብረን እናረጃለን» ብዬ ቃል የገባሁልሽ ከልቤ ነው። ዝም ያልኩሽ በሌላ ሳይሆን በውሃና በሽንት ቤት ምክንያት ነው። ሳቂ፣ ግድ የለም። እኔም ሰው ቢነግረኝ እስቅ ነበር።

ቤቴን አይተሽው አታውቂምና ልንገርሽ። የፊተኛው ክፍል ፀጉር ቤቱ ነው፤ አንድ የሚሽከረከር ወንበር፣ ጠርዙ የተሸረፈ መስታወት፣ ተራ ለሚጠብቁ ደግሞ አግዳሚ። ከመጋረጃው በስተኋላ መኝታዬ አለ። የኋላው በር ወደ ግቢ ያወጣል፤ ግቢውን ከሌሎች ቤተሰቦች ጋር ነው የምንጋራው። ግቢው መሃል ቧንቧ አለ። አለ ስልሽ ብረቱ አለ ማለቴ ነው። ውሃው ሲያሻው ይመጣል፣ ሲያሻው ደግሞ ድራሹ ይጠፋል። ሊመጣ ሲል እንደ ሲጋራ አጫሽ ሽማግሌ አስቀድሞ ይስላል፤ ጉሮሮውን ይጠርግና ሻይ የመሰለ ነገር ይተፋል። ያንን እያፈሰስን እንጠብቃለን። ጠራ ሲባል ግቢው በሙሉ ባልዲና ጀሪካን ይዞ ይሮጣል። በተራዬ የቆመው ጀሪካን የኔ መሆኑ የሚታወቀው ክዳኑ ጠፍቶ አፉ በፌስታል ስለታሰረ ነው። ብዙ ጊዜ ተራዬ ሊደርስ ሲል ውሃው ቀጭን ክር ይሆንና ፊቴ ላይ ይበጠሳል።

ፀጉር ቤት ያለ ውሃ ምን እንደሚመስል ደንበኞቼን ጠይቂ። ራሳቸውን ሳላጥብ፣ አንገታቸውን በደረቅ ፎጣ ጠራርጌ እሸኛቸዋለሁ። አንዱ ሹፌር አንገቱን እያከከ፣ የቆረጥኩለትን ፀጉር በሸሚዙ ውስጥ ይዞት እንደሚሄድ፣ ሚስቱ ስትጠይቀው ማን እንዳለበሰው እንደሚነግራት ነገረኝ። ሳቅን። ከዚያ ወዲህ ግን አልተመለሰም። ፎጣዎቹንም እንደ ድሮው በየቀኑ አላጥባቸውም፤ ይህን ስጽፍልሽ አፍራለሁ። የሰው ፊት የሚነካ ጨርቅ ነው።

የሽንት ቤቱ ነገር ደግሞ ከዚህ ይከፋል። ግቢው ጥግ ላይ አለ፣ ለሁላችንም አንድ። የምትቀመጪበት አይደለም፤ ቁጢጥ የሚባልበት ነው። ሞልቷል። የሚመጥ መኪና ላኩልን ብለን ለውሃና ፍሳሽ ቢሮው ያመለከትነው መቼ እንደሆነ ረስተነዋል፤ መልሳቸው ሁልጊዜ «ተራችሁን ጠብቁ» ነው። ዝናብ ሲጥል ደግሞ ከውስጥ ያለው ይወጣና መተላለፊያውን ይይዘዋል፤ ሰዉ በድንጋይ ላይ እየዘለለ ያልፋል። እንግዲህ በዚህ ላይ ያን ጉልበትሽን አሰብኩት። ዘለሽ የምታልፊው ድንጋይ፣ ቁጢጥ የምትይበት ጉድጓድ፣ ይዘሽ የምትነሺበት ነገር የሌለበት ግድግዳ። ነይ ለማለት አፌን ስከፍት ይህ ይታየኛል፤ ቅሪ ለማለት ደግሞ አንጀቴ እምቢ ይለኛል። ዝም ማለቱ የመጣው ከዚህ ነው።

ተስፋ ግን ነበረኝ። ቢሮው ወደ ሰፈራችን አዲስ የፍሳሽ መስመርና ወፈር ያለ የውሃ ቧንቧ ሊዘረጋ ነው የሚል ወሬ ተናፈሰ። እኔም ከመኝታዬ ጎን ያለችውን የዕቃ ማስቀመጫ ጥግ ለካኋት። መስመሩ ሲመጣ እዚያች ላይ ወንበር ያለው ሽንት ቤት አስገባልሻለሁ፣ ከአልጋሽ ተነስተሽ ግድግዳውን ይዘሽ ትደርሺያለሽ፣ ዝናብ አይመታሽም፣ የሰው ዓይን አያይሽም ብዬ አሰብኩ። ጠዋት ጸሎቴን ስጨርስ የምለምነው አንድ ነገር ይህንኑ ነበር። ሌላ ለራሴ የለመንኩት የለም።

አንድ ቀን እኩለ ቀን ላይ፣ ፀሐዩ በረታ ብሎ ደንበኛ በጠፋበት ሰዓት፣ አንዲት ወጣት ልጅ በሩ ላይ ቆመች። ጫማዋ አቧራ ብቻ ነው፤ ከንፈሯ ደርቋል። የውሃና ፍሳሽ አገልግሎትን በተመለከተ ነዋሪው ምን ያህል እንደረካ ለማወቅ ቤት ለቤት እየጠየቀች መሆኑን ነገረችኝ። ለምን እንደሚጠየቅ፣ መልሱ ወዴት እንደሚሄድ አልጠየቅኳትም። ለኔ የሰው ልጅ ናት፣ በፀሐይ የምትንከራተት፣ ደጄን የረገጠች እንግዳ። የሚሽከረከረው ወንበር ላይ አስቀመጥኳት። አፍልቼ፣ አቀዝቅዤ፣ ከድኜ ለራሴ ካስቀመጥኩት ውሃ በብርጭቆ ሰጠኋት። በአንድ ትንፋሽ ጨለጠችውና ከቧንቧ የተቀዳ እንደሆነ ጠየቀችኝ። አዎ ልጄ፣ ጠጪ አልኳት። ውሸት አልነበረም፤ ከቧንቧ ነው። መቼ እንደተቀዳ ግን አልነገርኳትም።

ከዚያ ስለ ውሃው ጠየቀችኝ። እኔም እንደ ልማዴ ተመስገን ነው፣ ምን ይባላል አልኳት። ልጅቷ ፈገግ ብላ፣ «አባባ፣ ተመስገኑስ ለፈጣሪ ነው፣ እሱ ጥሩ። ስለ አገልግሎቱ ምን ልጻፍ?» አለችኝ። አየሽ፣ በሩን ወለል አድርጋ ከፍታልኝ ነበር። እኔ ግን አስቤ ያገኘሁት ምን እንደሆነ ልንገርሽ፤ ይቺን ልጅ ብወቅሳት ምን ታደርጋለች፣ ቧንቧውን የዘጋችው እሷ አይደለች፣ ውሃዬን ጠጥታ ሳትጨርስ ስለ ውሃ ብማረርባት የሰጠሁትን መልሼ እንደመንጠቅ ነው አልኩ። ረክተናል ብለሽ ጻፊ አልኳት። ስለ ሽንት ቤቱ ስትጠይቀኝማ ልጄ ልትሆን ከምትችል ልጅ ጋር የዚያን ጉድጓድ ነገር ማውራቱ አሳፈረኝና፣ እሱም ደህና ነው ብዬ ቶሎ ዘጋሁት። ዓይኗ በመጋረጃው ክፍተት ወደተደረደሩት ጀሪካኖች ሄደ፤ ተመልሶ እኔ ላይ አረፈ። «አባባ፣ እርግጠኛ ነዎት?» አለችኝ። እርግጠኛ ነኝ አልኳት። ስትወጣ መርቄ ሸኘኋት። እውነቱን ልንገርሽ፣ የዚያን ቀን እንግዳ በወጉ የተቀበለ ሰው ደስታ ተሰምቶኝ ነው የዋልኩት።

ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ለስብሰባ ተጠራን። ቦታው የሰፈሩ ትምህርት ቤት አዳራሽ ነው፤ የልጆች አግዳሚ ላይ ጉልበታችን አገጫችንን ሊነካ ተጣጥፈን ተቀመጥን። ከቢሮው የመጣው ኃላፊ ጨዋ ሰው ነው፤ ሰላምታ አሳምሮ ሰጠንና የጥናቱን ውጤት ነገረን። ከድልድዩ ወዲህ ያለው ሰፈር፣ ማለት የኛው፣ ነዋሪው በአገልግሎቱ እጅግ የረካ ሆኖ ተገኝቷል አለ። ከድልድዩ ማዶ ያሉት ግን ክፉኛ ተማርረዋል። ስለዚህ አዲሱ የውሃና የፍሳሽ መስመር ከነሱ ይጀምራል፤ የኛ ለሌላ ጊዜ ይታያል። ከዚያም ለትብብራችሁ ለራሳችሁ አጨብጭቡ አለን።

እታለሜ፣ አጨበጨብን። እጃችን ከአእምሯችን ቀድሞ ሄደ። ጭብጨባው መሃል ላይ ሲደርስ ነገሩ የገባቸው ሰዎች እጅ አየር ላይ ቀረ። ከዚያ አንድ ሁለት እጅ ብቻ ጧ ጧ ሲል ቆየና ጸጥ አለ። እኔ ያየሁት አዳራሹን ሳይሆን ያችን የለካኋትን ጥግ ነው።

ውጭ ስንወጣ ሬዲዮ ተቆጣች። ሬዲዮ የምንላት የግቢያችን ሴት ናት፤ ከጎህ እስከ ማታ ወሬ የማያልቅባት፣ ስለ ውሃው ደግሞ ከማንም በላይ የምታማርር። ማን ነው ረክቻለሁ ያለው፣ ይውጣና ልየው እያለች ሰዉን በዓይኗ ታበጥር ጀመር። ሁሉም መሬት መሬቱን ያያል። ከፀጉር ቤቴ ጎን ጋራዥ ያለው መካኒክ መጀመሪያ እሷ ምን እንዳለች እንድትናገር ሲያፋጥጣት፣ ድምጿ ወረደ። ለካስ ልጅቷ ሬዲዮ ጋ የደረሰችው ውሃ በመጣበት ጠዋት ነው፤ ጀሪካኖቿ ሁሉ ሞልተው፣ ልብሷ ታጥቦ ተሰጥቶ፣ ልቧ ደስ ብሎታል። ደግሞስ ገመናችንን ለማታውቃት ልጅ እንዴት ትዘርግፈው? መካኒኩ ከት ብሎ ሳቀባት። ሳቁ ግን ብዙ አልቆየም፤ ጋራዡ ውስጥ የሚሠራው ልጁ፣ አባቱ በበርሜሉ የቀረችውን የመጨረሻ ውሃ ለእጁ አፍስሶ፣ ፀጉሩን አስተካክሎ፣ እኛ ጋ ምንም ችግር የለም ብሎ ለልጅቷ እንደተኮፈሰላት አወጣበት። አንዱ ጡረተኛ ዘበኛ ስሙ ይጻፋል ብሎ ፈርቶ ነው። ሌላዋ ለትንሽ ነገር ሰው ላስቸግር ብላ ነው። ሁላችንም፣ አንዳችን ከሌላችን ሳንመክር፣ በየቤታችን ያንኑ ቃል ብለናል።

በመጨረሻ ወደኔ ዞሩ። እርስዎስ ጋሼ ተባልኩ። እንግዳ ናት ብዬ ነው አልኩ። ውሃ መስጠቴንም ነገርኳቸው። መካኒኩ ራሱን ይዞ፣ «ጋሼ፣ እርስዎማ ለምስክርነቱ ማስረጃ ጭምር ነው ያቀረቡት» አለኝ። ሰዉ ሲስቅ እኔም አብሬ ሳቅሁ። ቤቴ ገብቼ ግን መጋረጃውን ጋረድኩና ተቀመጥኩ። ያንቺን መንገድ የዘጋሁት በገዛ አፌ መሆኑ ያኔ ነው በደንብ የገባኝ።

በማግስቱ ፀጉር ቤቱን ዘግቼ ከሬዲዮ ጋር ወደ ቢሮው ሄድን። ግቢው ውስጥ አንድ አትክልተኛ በረጅም ጎማ ሣር ያጠጣል፤ ውሃው ሣሩን አልፎ መንገዱ ላይ ይፈሳል። ሬዲዮ ቆማ አየችውና ጀሪካን ይዛ ስላልመጣች ተጸጸተች። ከአንዱ መስኮት ወደ ሌላው ላኩን፣ ሌላውም ወደ መጀመሪያው መለሰን። ተመላልሰን እግራችን ሲዝል ያው የአዳራሹ ሰውዬ ተገኘ። አልተቆጣንም፣ አላንጓጠጠንም፤ ወንበር ሰጥቶ ነው ያነጋገረን። ጥናቱ ተዘግቷል፣ የጻፍነው እናንተ ያላችሁትን ነው አለን። መጥታችሁ ቧንቧውን እዩት፣ ጉድጓዱን እዩት ብዬ ለመንኩት። ጥናቱ የሚለካው እርካታን እንጂ ቧንቧን አይደለም ብሎ በትዕግሥት አስረዳኝ። ቅሬታ ካለን ቅሬታ ሰሚ ክፍል አለ፤ የክፍሉ ኃላፊ ግን ስብሰባ ላይ ናቸው። የሚሰማ ሰው ሳይኖር በሩ ላይ «ቅሬታ ሰሚ» ተብሎ የተጻፈውን እያነበብን ቆየን። እንዴት እንደተናደድኩ ልነግርሽ አልችልም። የሚያናድደው ደግሞ ሰውዬው አለመዋሸቱ ነው። ቢዋሸኝ እጣላው ነበር። የራሴን ቃል ነው መልሶ የሰጠኝ፤ ከራሴ ቃል ጋር እንዴት ልጣላ?

ስንወጣ ኮሪደሩ ላይ ያቺን ልጅ አገኘናት። አወቀችኝና ጎንበስ ብላ ሰላም አለችኝ። እኔም ቤቴን አይተሽ፣ ጀሪካኖቹን አይተሽ ለምን ረክተዋል ብለሽ ጻፍሽ ልጄ አልኳት። ወቀሳ አልነበረም፤ ግን ወቀሳ መሰለ። አንገቷን ደፍታ፣ «አባባ፣ አይቻለሁ። ሽታውም እስከ በር ድረስ ወጥቶ ተቀብሎኛል። ግን እኔ የምጽፈው ያየሁትን አይደለም፣ የሚነግሩኝን ነው። ሁለት ጊዜ የጠየቅኩዎት ለዚህ ነበር» አለችኝ።  ሬዲዮ እስከ ቤት ድረስ ቃል አልወጣትም። መካኒኩ በር ላይ አይቶን፣ ሬዲዮ ባትሪ ጨረሰች እንዴ ቢላት እንኳ ቀና ብላ አላየችውም።

ከዚያ ወዲህ ራሴን እየመረመርኩ ነው። ነፍሷን ይማርና ሚስቴ በሕይወት ብትኖር ያቺን ልጅ እጇን ይዛ ጉድጓዱ አፍ ላይ ነበር የምታቆማት። ታውቂያታለሽ፣ ቀጥተኛ ነበረች። ውሃ ሲጠፋ ቢሮው ድረስ ሄዳ የምትጣላው እሷ ነበረች፤ እኔ ከኋላዋ እየተከተልኩ ይቅርታ እጠይቅላት ነበር። አንድ ጊዜ ተናዳ፣ «አንተ ፈጣሪን ስታመሰግን ቢሮው ለሱ የተባለ ይመስለዋል» አለችኝ። ያኔ ምስጋና የማታውቅ መስላኝ ታዘብኳት። አሁን ሳስበው ከኔ ይልቅ እሷ ናት ለይታ የምታውቀው፤ ለፈጣሪ የሚገባውን ለፈጣሪ፣ ለቢሮው የሚገባውን ለቢሮው ትሰጥ ነበር። እኔ ተመስገን ስል ከልቤ አመስግኜ ነው ወይስ ይሉኝታዬን የጸሎት ልብስ አልብሼው? በጸሎቴ ሰዓት ይህ ጥያቄ እየመጣ ይረብሸኛል። አንዳንዴ አዎ፣ ከልቤ ነው። ያን ቀን ግን ከልቤ አልነበረም። ሰው እንዳይቀየመኝ፣ ገመናዬ እንዳይታይ ነበር፤ የፈጣሪን ስም መጋረጃ አደረግኩት።

ቢሮውን መውቀሴንም አልተውኩም፤ እንዲህ ስል እነሱን ነጻ ማውጣቴ እንዳይመስልሽ። ቧንቧው ደረቅ መሆኑን ለማወቅ እኔን መጠየቅ አያስፈልጋቸውም ነበር። ቧንቧውን መክፈት ይበቃል። ሰፈሩ ተሰብስቦ ደጋግሞ ሄዷል፤ በመጨረሻ የሚመጠው መኪና መጣ። ሰዉ እንደ ሙሽራ መኪና አጀበው። ጉድጓዱ ሳይጋመስ ቀሪውን ነገ ብለው ሄዱ፤ ያ ነገ እስካሁን አልነጋም። መስመሩም «በቅርቡ» ነው ይላሉ። አንቺ በቅርቡ ሲሉሽ የምታውቂውን በቅርቡ አድርገሽ እንዳትቆጥሪው።

እንግዲህ ወደ ዋናው ነገር ልመለስ። እኔና አንቺስ፣ እታለሜ፣ ስንጻጻፍ የኖርነው ምንድን ነው? እኔ ደህና ነኝ፣ አንቺም ደህና ነሽ። እኔ ምንም አልጎደለብኝም፣ አንቺም ጉልበትሽ ተሽሎሻል። እህል ነጋዴው ግን ሳትልኪው ያየውን ነገረኝ። ከደጃፉ እስከ ጓሮ በእጅሽ እየዳኽሽ እንደምትሄጂ፣ ልጅሽ ከሥራ እስኪመለስ በሩ ላይ ተቀምጠሽ እንደምትውዪ፣ ምራትሽን ላለማስቸገር ብለሽ ውሃ እንኳ እንደማትጠጪ። በመጨረሻው ደብዳቤሽ ግን «ጉልበቴን ተመስገን ነው» ብለሽኛል። ሁለታችንም ያችን ልጅ እንደሸኘኋት ነው እርስ በርሳችን የምንሸኛኘው።

ስለዚህ ያልነገርኩሽን ልንገርሽ። ብትመጪ ቧንቧው የሚፈስበት ቀን አለ፣ የማይፈስበት ቀን ይበዛል። ገላሽን በሳህን ነው የምትታጠቢው፤ ውሃ የሚጠፋበት ሳምንት ከመጣ እሱም ይቀራል። ሙቀት ሲሆን ሽታው ቤት ይገባል። መተላለፊያው ላይ ሳንቃ አንጥፌያለሁ፣ የምትይዢውም ገመድ ከግድግዳው ጋር ወጥሬያለሁ፤ ዝናብ ሲበረታ ግን ሳንቃው ራሱ ይንሳፈፋል። መካኒኩ ደግሞ ከአሮጌ የብረት ወንበር ቆርጦ በይዶ፣ መሃሉ ክፍት፣ እጀታ ያለው መቀመጫ ሠርቶልሻል፤ ጉድጓዱ ላይ ይቀመጣል፣ ቁጢጥ አትዪም። አሁን ፀጉር ቤቱ ጥግ ላይ ቆሟል። ደንበኛ ሁሉ የማነው ዙፋን እያለ ይጠይቀኛል። የእህቴ ነው እላለሁ። ተቀምጬ ሞክሬዋለሁ፣ አይነቃነቅም። ሬዲዮም እኔ ሥራ ላይ ስሆን ውሃሽን እንደምትቀዳልሽ፣ ወሬውን ደግሞ በነጻ እንደምትጨምርልሽ ቃል ገብታለች። የምሰጥሽ ይህን ነው። ያሰብኩልሽ ይህ አልነበረም።

አንድ ነገር ቀረኝ። እኔ ደህና አይደለሁም። አካሌ ጤና ነው፣ ለዚያ ተመስገን። ግን ወደ ማታ የመጨረሻው ደንበኛ ወንበሩ ላይ ሲቀመጥ ቶሎ እንዳይሄድብኝ ብዬ መቀሱን በዝግታ አንቀሳቅሳለሁ። ባለፈው አንዱ፣ «ጋሼ፣ እስኪጨርሱ ከወዲያ በኩል መልሶ በቀለ እኮ» አለኝ። ሳቅኩለት። ከሄደ በኋላ ወንበሩን በእጄ አዙሬ አዙሬ እስኪቆም አየሁት። መምጣትሽን የምፈልገው ልረዳሽ ብዬ ብቻ እንዳይመስልሽ። ይህንንም ለማንም ተናግሬው አላውቅም።

እንግዲህ በተራዬ ልጠይቅሽ። ጉልበትሽ እንዴት ነው? ተመስገን እንደምትዪ አውቃለሁ። ተመስገኑስ ለፈጣሪ ነው፣ እሱ ጥሩ። ለኔ ምን ትዪኛለሽ? ሁለተኛ እጠይቅሻለሁ፣ እታለሜ። ጉልበትሽ እንዴት ነው? ከነሳንቃው፣ ከነሽታው፣ ከነዙፋኑ እዚህ መምጣት ትፈልጊያለሽ? አልፈልግም ካልሽ አልቀየምም። እፈልጋለሁ ካልሽ ግን መኪና ተከራይቼ ራሴ መጥቼ አዝዬሽ አወርድሻለሁ፤ አንቺ ያዘልሽው ልጅ ጀርባው አሁን ሰፍቷል። ልጅሽ መልሱን ሲጽፍልሽ ያልሽውን ብቻ ሳይሆን ያየውንም እንዲጨምርበት አደራ ብያለሁ።

ለልጅሽ፣ ለዚህ ደብዳቤ አንባቢ፣ የአጎትህ ሰላምታ ይድረስህ በዪው፤ እናትህን ማንሳት ለወገብህ ከባድ መሆኑን አውቃለሁ፣ አምላክ ብድርህን ይክፈልህ። ለምራትሽ፣ ስላላማረረች ብቻ ያልደከማት እንዳይመስልሽ፤ እሷንም እንዴት ነሽ ብለሽ ሁለቴ ጠይቂልኝ። ለትልቋ የልጅ ልጅሽ፣ በትምህርት እየጎበዘች መሆኗን ሰምቼ ደስ ብሎኛል። ለትንሹ፣ ፀጉሩን እኔ እስክቆርጠው እንዳይላጭ። ከአጥር ወዲያ ላሉት አሮጊት ጎረቤትሽ፣ ጉልበታቸውን ስመሽ ሰላም በዪልኝ፤ አንቺ መጎንበስ ካልቻልሽ ትንሹ ይሳምልሽ። እኔም አንቺን በሁለት ጉንጭሽ፣ በግንባርሽ፣ በዚያ በታመመው ጉልበትሽ ላይ ሳይቀር ስሜሻለሁ። አምላክ በቸርነቱ ያገናኘን።

ታናሽ ወንድምሽ፣ ያልረካው

ከፀጉር ቤቱ አግዳሚ ላይ፣ ቧንቧው ስሎ ስሎ ሳይፈስ በዋለበት ማክሰኞ፣ ግንቦት ፲፩ ቀን